ዐለት የማያግደው ሞገድ
እጅግ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው ሬዲዮና የምድር ውስጥ ግንኙነት

ከደሴ ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ በሚገኘው የደላንታ ወረዳ፣ በወገል ጤና ዙሪያ ባሉት ገደላማ ሸለቆዎች፣ ኦፓል የተባለው ኅብረ ቀለማዊ የከበረ ድንጋይ ይገኛል። ክምችቱ በ2008 እ.ኤ.አ. ከታወቀ ወዲህ የአካባቢው ወጣቶች በመዶሻ፣ በመሮና በዶማ ገደሉን እየፈለፈሉ ጠባብ ዋሻዎችን ሲያስረዝሙ ኖረዋል። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ከእነዚህ ዋሻዎች አንዱ በናዳ ተዘግቶ ሃያ ያህል ሰዎች ከውስጥ መቅረታቸው ተዘገበ። እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ ከውጭ የቆመ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በሕይወት አሉን? ካሉስ በየትኛው በኩል እንቆፍር? በተቀበረው ሰው ኪስ ውስጥ ያለው ሞባይል ስልክ ለአንዱም መልስ አይሰጥም።

ይህ ጽሑፍ ስልኩ የሚያቅተውን ሥራ ሌላ ዓይነት ሬዲዮ ለምን እንደሚችለው ያስረዳል። ከዚያም አንድ የሁለተኛ ደረጃ ወይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በጥቂት ብር ወጪ፣ በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ ሊሠራው የሚችለውን ሙከራ ያቀርባል።

ሞገዱ ዐለት ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል?

የኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ነገር ውስጥ ሲያልፍ በዚያ ነገር ውስጥ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይቀሰቅሳል። ፍሰቱም የሞገዱን ጉልበት ወደ ሙቀት እየለወጠ ያሟጥጠዋል። ደረቅ ዐለት ለብቻው ደካማ አስተላላፊ ነው፤ ነገር ግን በተፈጥሮ የምናገኘው ዐለት በስንጥቆቹና በቀዳዳዎቹ ውስጥ ጨው ያዘለ ውኃ ስለሚይዝ በመጠኑም ቢሆን ያስተላልፋል። የሞገዱ ድግግሞሽ ከፍ ባለ መጠን ይህ መሟጠጥ ይፈጥናል።

የፊዚክስ ሊቃውንት ይህን በአንድ አጭር ቀመር ይገልጹታል። ሞገዱ ከመነሻ ኃይሉ ወደ 37 ከመቶ የሚወርድበትን ጥልቀት «ጥ» ብንለው፣ የመሬቱን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ በኦም ሜትር «ተ»፣ ድግግሞሹን በኸርዝ «ድ» ብንላቸው፣

ጥ = 503 × √(ተ ÷ ድ)

ይሆናል፤ መልሱ በሜትር ነው። ተቃውሞው 100 ኦም ሜትር የሆነ እርጥበት ያለው ዐለት እንውሰድ። በ100 ኪሎ ኸርዝ ጥልቀቱ 16 ሜትር ገደማ ነው፤ በ10 ኪሎ ኸርዝ 50 ሜትር፣ በ1 ኪሎ ኸርዝ ደግሞ 159 ሜትር ይደርሳል። ድግግሞሹን መቶ ጊዜ ብንቀንሰው ጥልቀቱ አሥር ጊዜ ያድጋል ማለት ነው። (ቀመሩ ለሞባይል ስልክ ድግግሞሽ በቀጥታ አይሠራም። በ900 ሜጋ ኸርዝ የዐለቱ ባሕርይ ስለሚለወጥ ሌላ ስሌት ያስፈልጋል። ውጤቱ ግን ያው ነው፤ እርጥብ ዐለት ውስጥ የስልኩ ሞገድ በጥቂት ሜትሮች ይከስማል።)

ከ3 እስከ 30 ኪሎ ኸርዝ ያለው ክልል «እጅግ ዝቅተኛ ድግግሞሽ» ይባላል። ታላላቅ መንግሥታት በባሕር ውስጥ ለሚጓዙ ሰርጓጅ መርከቦቻቸው መልእክት የሚልኩት በዚሁ ክልል ነው፤ ለምሳሌ በአውስትራሊያ የሚገኘው ጣቢያ በ19.8 ኪሎ ኸርዝ ያስተላልፋል። የባሕር ውኃ ተቃውሞ ከ1 ኦም ሜትር እጅግ ያነሰ ስለሆነ ሞገዱ እዚያ ጥቂት ሜትር ብቻ ይዘልቃል፤ ከዐለት ጋር ሲነጻጸር ባሕር እጅግ አስቸጋሪ ነው። ለእኛ ለደገኞቹ ይህ መልካም ዜና ነው።

የ30 ኪሎ ሜትር ሞገድና የአንድ ሜትር ጥቅል ሽቦ

እዚህ ላይ አንባቢው አንድ ተቃውሞ ማንሣቱ አይቀርም። የ10 ኪሎ ኸርዝ ሞገድ ርዝመት 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከደሴ ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ከሚያደርሰው ጠመዝማዛ መንገድ ይበልጣል። መደበኛ አንቴና ቢያንስ የሞገዱን ሩብ ያህል መሆን ካለበት ሰባት ኪሎ ሜትር ተኩል ሽቦ በዋሻ ውስጥ ማን ይዘረጋል?

መልሱ አንቴና አያስፈልግም የሚል ነው። በማስተላለፊያውና በመቀበያው መካከል ያለው ርቀት ከሞገዱ ርዝመት በእጅጉ ሲያንስ ሥራውን የሚሠራው የሚፈናጠረው ሞገድ ሳይሆን በጥቅል ሽቦ ዙሪያ የሚፈጠረው ተለዋዋጭ የመግነጢስ መስክ ነው። አንዱ ጥቅል መስኩን ይፈጥራል፤ ሌላው በመስኩ ውስጥ ሲቀመጥ ቮልቴጅ ይመነጭበታል። ትራንስፎርመርን የተማረ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ እነዚህ ሁለት ጥቅሎች የብረት እምብርት የሌለውና ሁለቱ ወገኖቹ በዐለት የተለያዩ ትራንስፎርመር ናቸው።

ይህ መንገድ ግን ከባድ ዋጋ ያስከፍላል። የመግነጢስ መስኩ በርቀቱ ሦስተኛ ኃይል ይደክማል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን መስኩ ወደ አንድ ስምንተኛ፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን ወደ አንድ ሃያ ሰባተኛ ይወርዳል። በመሆኑም በሠላሳ ሜትር ጥርት ብሎ የሚሰማው ምልክት በመቶ ሜትር በጭንቅ ሊሰማ ይችላል። የማስተላለፊያውን ኃይል በማሳደግ ይህን ለማሸነፍ መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ የጥቅሉን ፍሰት ስምንት ጊዜ፣ ባትሪው የሚሰጠውን ኃይል ደግሞ ስልሳ አራት ጊዜ ማሳደግ ይጠይቃልና።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ?

በምድር ውስጥ ምልክት የመላክ ሐሳብ አዲስ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የምዕራብ ግንባር ወታደሮች ሁለት ካስማዎችን መሬት ውስጥ ተክለው በመካከላቸው ፍሰት በማሳለፍ የስልክ ሽቦ በመድፍ ሲበጣጠስ በአፈሩ በኩል የሞርስ መልእክት ይለዋወጡ ነበር። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃይንሪሽ ባርክሃውዘን የጠላትን ስልክ በዚሁ ዘዴ ሲያዳምጥ ከሰማይ የሚመጣ እንግዳ ፉጨት ሰማ፤ ፉጨቱ ከመብረቅ የሚመነጭ መሆኑ በሚገባ የተብራራው በ1953 እ.ኤ.አ. ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም በአሜሪካ የአማተር ሬዲዮ ሥርጭት ሲታገድ አንዳንድ አማተሮች ፊታቸውን ወደ መሬት ፍሰት አዞሩ።

ዘዴው ለሕይወት አድን ሥራ የዋለው በዋሻ አሳሾች አማካይነት ነው። በብሪታኒያ የዋሻ አደጋ ሠራተኞች በ87 ኪሎ ኸርዝ ድምፅ የሚያስተላልፈውን «ሄይፎን» የተባለ መሣሪያ ለዓመታት ተጠቅመውበታል። መሣሪያውን የነደፉት አማተሮች መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል። ገበያው ትንሽ ስለሆነ ታላላቅ ኩባንያዎች ለዋሻ አሳሽ ሬዲዮ አይሠሩም፤ ስለዚህ የሚፈልገው ሰው ራሱ ይሠራዋል።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ግን በአሜሪካ የዌስት ቨርጂኒያ ግዛት በሳጎ የድንጋይ ከሰል ማዕድን የደረሰው ነው። ጥር 2 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. በደረሰ ፍንዳታ አሥራ ሦስት ሠራተኞች ምድር ውስጥ ቀሩ። የማዕድኑን ጣራ የሚደግፈውን ብረት በመዶሻ እየደበደቡ ምልክት ለመስጠት ሞከሩ፤ ከላይ የሰማቸው አልነበረም። ነፍስ አድን ሠራተኞች ከአርባ ሰዓት በላይ ቆይተው ሲደርሱባቸው በሕይወት የተገኘው አንድ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ የማዕድን ኩባንያዎች ከአደጋ በኋላም የሚሠራ ገመድ አልባ ግንኙነትና የሠራተኞችን ቦታ የሚያሳውቅ ዘዴ በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲያዘጋጁ ተገደዱ። ሕጉ ግንኙነትንና ቦታን አንድ ላይ መጥራቱ ትክክል ነው። በእኔ አስተያየት ለደላንታ ዓይነት ዋሻ ቀዳሚው ቦታ ማወቅ ነው። ንግግር ጥሩ ነው፤ ቆፋሪውን የሚመራው ግን በየት በኩል መቆፈር እንዳለበት የሚነግረው ምልክት ነው። ደስ የሚለውም፣ ከሁለቱ ቀላሉ ይኸው መሆኑ ነው።

በመጀመሪያ ማዳመጥ

ማስተላለፊያ ከመሥራት በፊት መቀበያውን ሠርቶ አካባቢውን ማዳመጥ ይገባል። አንድ ሜትር ስፋት ባለው የእንጨት ፍሬም ላይ ሃምሳ ዙር የተሸፈነ ሽቦ ይጠቀለላል። ጫፎቹ ወደ አነስተኛ ማጉያ ይገባሉ፤ የማጉያው መውጫ ከማዳመጫ ወይም ከላፕቶፕ የማይክሮፎን መግቢያ ጋር ይገናኛል። የኮምፒዩተር የድምፅ ካርድ በሰከንድ 48,000 ናሙና የሚወስድ ከሆነ እስከ 24 ኪሎ ኸርዝ ያለውን ሁሉ ማሳየት ይችላል። ጆሯችን የሚሰማው ድምፅና የዚህ ክልል የሬዲዮ ድግግሞሽ በቁጥር ስለሚገጥሙ ምንም ዓይነት ድግግሞሽ መለወጫ አያስፈልግም። ከዚህ የቀለለ የሬዲዮ መቀበያ እኔ አላውቅም።

ደሴ ከተማ መካከል የከፈተው ሰው የሚሰማው የመብራት ኃይል መሥመሮችን እምምታ ብቻ ነው። የ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ በ100፣ በ150፣ በ200 እያለ እስከ ብዙ ሺህ ኸርዝ የሚዘልቁ ተከታዮች አሉት። ስለዚህ ከመሥመሮች ርቆ ወደ ቦሩ ሜዳ ወይም ወደ ኩታበር አቅጣጫ መውጣት ያሻል። እዚያ ቀን ላይ ከሩቅ የመብረቅ ብልጭታዎች የሚመጣው ድምፅ ምጣድ ላይ እንደሚንጣጣ ቆሎ ነው። ሲመሽ ግን ድምፁ ይለወጣል፤ አንዳንዱ ብልጭታ «ቲው» የሚል ጅራት ያወጣል።

ይህ ጅራት ራሱን የቻለ የፊዚክስ ትምህርት ነው። የመብረቁ ሞገድ በመሬትና በአዮኖስፌር መካከል እየተንጸባረቀ ይጓዛል፤ ግማሽ የሞገድ ርዝመቱ ከሁለቱ መካከል ካለው ከፍታ የሚበልጥ ሞገድ በዚያ መንገድ ሊያልፍ አይችልም። በኮምፒዩተሩ ሥዕል ላይ ጅራቱ የሚያበቃው 1,700 ኸርዝ ገደማ ላይ ከሆነ፣ የብርሃንን ፍጥነት ለድግግሞሹ እጥፍ ስናካፍል 88 ኪሎ ሜትር እናገኛለን። ይህ የሌሊቱ አዮኖስፌር የታችኛው ጠርዝ ከፍታ ነው። ቦሩ ሜዳ ላይ ቁጭ ብሎ ሮኬት ሳያመጥቁ የአዮኖስፌርን ከፍታ መለካት ይቻላል ማለት ነው።

የአውሮፓ መጻሕፍት ከዚህ ሌላ ባርክሃውዘን የሰማውን ረጅም ፉጨት እንደምንሰማ ተስፋ ይሰጣሉ። ተማሪው ግን በከንቱ እንዳይጠብቅ እመክራለሁ። ፉጨቱ የሚፈጠረው ሞገዱ በመሬት የመግነጢስ መስመር ላይ ከፍ ብሎ ወደ ሌላው ንፍቀ ክበብ ሲሻገር ነው፤ ኢትዮጵያ በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አቅራቢያ ስለምትገኝ እዚህ መስመሮቹ እንዲህ ከፍ ብለው አይቀስቱም። ለዚሁ መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ መሆናችን በሌላ በኩል ጠቅሞናል፤ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የመግነጢስ ልኬት በዓለም ተፈላጊ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የማዳመጡ ዋና ጥቅም ለሚቀጥለው ሥራ ነው። ከምድር ውስጥ የሚመጣው ደካማ ምልክት የሚፎካከረው ከዚሁ ከሚንጣጣው ቆሎና ከመብራት መሥመሩ እምምታ ጋር ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ መብረቁ ሲበረታ የመሣሪያው ርቀት ያጥራል፤ በበጋ ጠዋት ደግሞ ይረዝማል።

ጠቋሚው ጥቅል

ማስተላለፊያው አንድ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ የተጠቀለለ ሠላሳ ዙር ሽቦ ነው። ግማሽ ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ተራ የመብራት ሽቦ ይበቃል፤ ዘጠና አምስት ሜትር ያህል ይፈጃል። ከ1 ማይክሮፋራድ ገደማ ካፓሲተር ጋር በተከታታይ ሲገናኝ 3 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ይስተካከላል። ድግግሞሹን በትክክል 3,000 ማድረግ ግን ስሕተት ነው፤ 3,000 የ50 ብዜት ስለሆነ የመብራት ኃይል እምምታ በላዩ ይወድቅበታል። 3,025 ላይ፣ በሁለት ብዜቶች መካከል ባለው ጸጥታ ውስጥ፣ ማስቀመጥ ይሻላል። በአነስተኛ የጊዜ ቆጣሪ ሰርኪትና በሁለት ትራንዚስተሮች የሚነዳ፣ በሰከንድ አንድ ጊዜ «ጢጥ» የሚል፣ በስድስት ቮልት ባትሪ የሚሠራ ነገር ይሆናል።

ይበቃል ወይ? እናስላው። በጥቅሉ ውስጥ 0.3 አምፔር ቢያልፍ፣ በሠላሳ ሜትር ርቀት ትይዩ በቆመው የሃምሳ ዙር መቀበያ ላይ 38 ማይክሮቮልት ያህል ይመነጫል። በስልሳ ሜትር ወደ 5፣ በመቶ ሜትር ወደ 1 ማይክሮቮልት ይወርዳል። የመጀመሪያው በጆሮ በግልጽ ይሰማል፤ የመጨረሻው በኮምፒዩተር ሥዕል ላይ በትዕግሥት ይፈለጋል። በ3 ኪሎ ኸርዝ የ100 ኦም ሜትር ዐለት የመዝለቅ ጥልቀት 91 ሜትር ስለሆነ በሠላሳ ሜትር ውስጥ ዐለቱ የሚነጥቀን ጥቂት ነው። ከዚህ የተነሣ የመጀመሪያውን ሙከራ ለማድረግ ዋሻ አያስፈልግም! ኳስ ሜዳ ላይ በሠላሳ ሜትር የተለካው ውጤት በዐለት ውስጥ ከሚገኘው ብዙ አይርቅም። በኋላ በኮረብታ ማዶና ማዶ ሲደገም የሚታየው ልዩነት የዐለቱ ድርሻ ነው።

አሁን ወደ ቦታ ፍለጋው እንምጣ። ማስተላለፊያው በዋሻው ወለል ላይ ተጋድሞ ቢቀመጥ የመግነጢስ መስመሮቹ ልክ ከበላዩ ቀጥ ብለው ወደ ላይ ይወጣሉ። ከላይ ያለው ሰው መቀበያውን ቀጥ አድርጎ አቁሞ ይዞራል። መስመሮቹ ቀጥ ብለው በሚወጡበት ነጥብ ላይ የቆመ ጥቅል ምንም አይሰማም፤ በየትኛውም አቅጣጫ ቢዞር ድምፁ የሚጠፋበት ነጥብ ከጠቋሚው ትክክል በላይ ነው። ጆሮ ድምፅ የጎላበትን ከመለየት ይልቅ የጠፋበትን በትክክል ስለሚለይ ዘዴው አስተማማኝ ነው።

ጥልቀቱም ይታወቃል። ከዚያ ነጥብ በቀጥታ እየራቁ ሲሄዱ መስመሮቹ ያጋድላሉ። መስመሩ 45 ዲግሪ ያጋደለበትን ስፍራ ድምፁ የሚጠፋበትን የጥቅሉን አጋደል በማየት እናገኛለን። በሜዳማ መሬት ላይ፣ ከነጥቡ እስከዚህ ስፍራ ያለው ርቀት በ1.78 ሲባዛ ጥልቀቱን ይሰጣል። አሥራ አንድ ሜትር ከተራመድን ጠቋሚው ሃያ ሜትር ያህል ከእግራችን በታች አለ። የቁጥሩን ምንጭ ማወቅ የሚፈልግ ተማሪ የመግነጢስ ዳይፖልን መስክ ሁለት ክፍሎች እኩል አድርጎ የሚገኘውን ባለ ሁለተኛ ኃይል እኩልታ ይፍታ።

መሬቱን ማወቅ

ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል ተራሮች መካከል የተቀመጠች ናት፤ ተራሮቹ ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ካላቸው የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች የተሠሩ ናቸው። የኮምቦልቻ ሜዳ ደግሞ ወንዞች ባወረዱት ደለል የተሞላ ነው። ያልተሰነጣጠቀ ባዛልት ብዙ መቶ ኦም ሜትር ሊደርስ ሲችል እርጥብ ዋልካ ወደ አሥር ሊወርድ ይችላል። አንዱ መሣሪያ በሁለቱ ስፍራዎች የተለያየ ውጤት የሚሰጠው ለዚህ ነው።

መለኪያው ቀላል ነው። አራት የብረት ካስማዎች በአንድ መስመር ላይ በአምስት አምስት ሜትር ልዩነት ይተከላሉ። በዳርና በዳር ባሉት ፍሰት ይላካል፤ በመካከለኞቹ መካከል ቮልቴጅ ይነበባል። ቮልቴጁ ለፍሰቱ ተካፍሎ በ31.4 ሲባዛ የመሬቱ ተቃውሞ ይገኛል። ለምሳሌ 0.05 አምፔር ልከን 0.16 ቮልት ብናነብ መልሱ 100 ኦም ሜትር ነው። ከአሥራ ሁለት ቮልት ባትሪ ሌላ ምንም ምንጭ መጠቀም አይገባም፤ የቤት መብራትን ከመሬት ካስማ ጋር ማገናኘት ሰው ይገድላል። ደመና ሲያጉረመርምም ሽቦውን ጥሎ መሸሽ ነው።

ከሥራው በፊት ሁለት ፈቃዶች ያስፈልጋሉ። በኢትዮጵያ የሬዲዮ ሥርጭትን የሚቆጣጠረው በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ጥቅሉ ምንም ያህል ደካማ ቢሆን አስቀድሞ በመምህር በኩል መጠየቅ ይገባል። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክበብ ጣቢያ የተቋቋመው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአምስት ኪሎ ግቢ ነውና ልምድ ያላቸው ሰዎችን የሚፈልግ በዚያ ይጀምር። ሁለተኛው ፈቃድ የቀበሌው ነው። ኮረብታ ላይ ሽቦ የሚዘረጋና ካስማ የሚተክል ወጣት ምን እየሠራ እንደሆነ አላፊ አግዳሚው አያውቅም።

ወደ ደላንታ ስንመለስ

የኦፓሉ ንብርብር ከአምባው አናት 350 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በገደሉ ፊት ላይ ይወጣል። ስለዚህ አምባው ላይ ቆሞ ጠቋሚ መፈለግ በሦስተኛው ኃይል ሕግ ምክንያት ተስፋ የለውም። ዋሻዎቹ ግን ከገደሉ ፊት ወደ ውስጥ የሚገቡ ናቸው፤ ከገደሉ ወገብ እስከ ቆፋሪው ያለው ርቀት በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ነው፤ ይህም ጥቅላችን የሚችለው ነው። ተዳፋት ላይ ግን የ1.78ቱ ቀመር እንዳለ አይሠራም። ጠቋሚው በዋሻው ወለል ላይ ሳይሆን በግድግዳው ላይ፣ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ ቢሰቀል ይሻላል፤ በዚህ አቀማመጥ የድምፅ መጥፊያው ነጥብ በገደሉ ፊት ላይ በየትኛው በኩል እንደሚወጣ፣ የገደሉ ማጋደልም ጥልቀቱን ምን ያህል እንደሚያዛባ ገና በሜዳ መለካት አለበት። በወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴና የኮምቦልቻ ግቢዎች ለሚማር ሰው ይህ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ጥያቄ ነው። ሙከራው በተተዉ ዋሻዎች ውስጥ መደረግ የለበትም፤ የመንገድ ቆረጣ ባለበት ኮረብታ ላይ አንዱን ጥቅል በአንዱ ወገን፣ ሌላውን በሌላው ወገን በማድረግ ሊጀመር ይችላል።

የሚቀረው ችግር የኤሌክትሮኒክስ አይደለም። ጠቋሚው የሚጠቅመው ናዳው ከመምጣቱ በፊት ዋሻው ውስጥ ከተቀመጠ ነው። ለዕለት እንጀራው የሚቆፍር ሰው ሠላሳ ዙር ሽቦና አንድ ባትሪ ይዞ እንዲገባ ለማድረግ ዕቃው ርካሽ፣ ቀላልና እርጥበት የማያበላሸው መሆን አለበት። ባትሪውም ሳይነካ ወራት ቆይቶ፣ በተፈለገበት ቀን ቢያንስ ለሦስት ቀንና ሌሊት «ጢጥ» ማለት ይኖርበታል።